የሞተ ፈረስና የሞተ ውሻ ለማን ዐደራ ይሰጣል?

ፈረስ ሲገዛ የማይመረምር ሰው የለም። ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ያነሣል፤ አረማመዱን ያስሞክራል፤ ስለ ዐመሉም ምስክር ይጠይቃል። ያው ፈረስ በሞተ ቀን ግን በድኑን ጎትቶ ለሚወስደው ሰው አንዲት ጥያቄ እንኳ የሚያቀርብ ባለቤት እምብዛም አይገኝም። ገመድ ይታሰራል፤ ገንዘብ ይቈጠራል፤ በር ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ በድኑ የት እንደ ተጣለ የሚያውቁት የሌሊቱ ጅብና የሰፈሩ ውሾች ናቸው፤ ከታች ወርዶ ከዚያው ወንዝ ውሃ የሚቀዳው ሰው ግን አያውቅም።

በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመረምረው ጉዳይ ይህ ነው፤ ባለቤቱ የሞተበትን ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ውሻ እንዲቀብርለት ወይም እንዲያቃጥልለት ለሌላ ሰው ገንዘብ ሲከፍል፣ ያ ሰው የሚታመን መሆኑን በምን ያውቃል? ጥያቄው ትንሽ መስሎ የሚታያቸው ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን ትንሽ ሆኖ አላገኘነውም።

በአዊ ምድር ፈረስ ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ አባላቱም ከስድሳ ሺህ እንደሚበልጡ ተገልጿል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት እንጅባራ ላይ በሚከበረው በዓል፣ ያጌጡት ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉት፣ በ1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋራ ወደ ዐድዋ የዘመቱት ፈረሶች ጭምር ይታሰባሉ። አባቶቻችን ታላላቆቹን ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው መባላቸውን መምህራን ለልጆች የሚያስተምሩት ነው። ጌታው በስሙ እስኪጠራ ድረስ የተከበረ እንስሳ፣ በሞተ ጊዜ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው እጅ ወደ ገደል መጣሉ ለክብሩም ለሕዝቡም ጤና የሚስማማ አይደለም። ስለ ውሻም ነገሩ ያው ነው፤ ሌሊት ቤቱን የጠበቀ፣ ከልጆች ጋራ ያደገ ውሻ በሞተ ማግስት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተጥሎ ሲገኝ የሚያዝኑት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ በድኑን በእንጨት የሚነካኩትም እነርሱው ናቸው።

በውጭ አገር ለቤት እንስሳት መቃብር ማዘጋጀት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ሥራ ነው። በኒው ዮርክ አጠገብ ሃርትስዴል በተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በፓሪስ አጠገብ አኒዬር በተባለው ሥፍራ ደግሞ በ1899 የተከፈቱት የእንስሳት መቃብሮች እስከ ዛሬ ድረስ አሉ። ቈየት ብሎም በድኑን በምድጃ አቃጥለው አመዱን በዕቃ አድርገው ለባለቤቱ የሚመልሱ ድርጅቶች ተቋቋሙ። ሥራው ግን ለማታለል የተመቸ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሎንግ አይላንድ፣ ባለቤቶቻቸው ለየብቻ እንዲቀበሩላቸው ወይም እንዲቃጠሉላቸው የከፈሉባቸው እጅግ ብዙ እንስሳት በአንድ ድርጅት ግቢ በጅምላ ጉድጓድ ተጥለው ተገኙ፤ የድርጅቱም ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ። ገዢው የገዛውን ነገር በዓይኑ የማያይበት ንግድ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ከዚህ የተነሣ ጠንቃቆቹ ድርጅቶች እሳት የማያጠፋው ቍጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ከበድኑ ጋራ ወደ ምድጃው ያስገባሉ፤ ባለቤቱም ቢፈልግ ቆሞ እንዲያይ ይፈቅዱለታል። አመዱንም ማመዛዘን ይቻላል፤ ከምድጃ የሚወጣው የአጥንት አመድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሃያ ኪሎ ከሚመዝን ውሻ የሚገኘው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሦስት ኪሎ አመድ ያስረከበ ሰው ሌላ ነገር ጨምሮበታል ማለት ነው።

በእንጅባራና በዳንግላ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ በድን የሚያነሣልን ባለ ምድጃ ነጋዴ ሳይሆን ባለ ጋሪ ወይም የቀን ሠራተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰፈር ጐረምሳ ነው። ውሉ በቃል ነው፤ ደረሰኝ የለውም። የማታለያው መንገድ ግን ከባሕር ማዶው አይለይም፤ «ቀበርሁት» ይባላል፣ አልተቀበረም፤ «አቃጠልሁት» ይባላል፣ ጠጕሩ ብቻ ተለብልቦ ከድልድይ ሥር ተጥሏል። እንዲህ የሚያደርገው ሰው ሁልጊዜ ክፉ ሰው ነው አንልም። ደንጋያማ መሬት ላይ ለፈረስ የሚበቃ ጉድጓድ መቆፈር የሁለት ሰው የሙሉ ቀን ሥራ ሆኖ ሳለ፣ የአንድ ሰዓት ዋጋ የሚከፍል ባለቤት ሠራተኛውን ወደ ማታለል ራሱ ይገፋዋል።

የሚታመነውን ሰው ከማይታመነው የሚለየው የመጀመሪያው ምልክት ዋጋው አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገመድ ከመፍታቱ በፊት «ጌታዬ፣ ፈረሱ እንዴት ሆኖ ሞተብዎ?» ብሎ ይጠይቃል። ታሞ ከረመ ወይስ በድንገት ወደቀ? ከአፍንጫው ደም ታየ ወይ? ውሻ እንደ ሆነ፣ ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ ነበር ወይ? ሰው ነክሷል ወይ? ይህን ሳይጠይቅ እግሩን አስሮ የሚጎትት ሰው ለራሱም ሕይወት የማያስብ ነውና ለእኛ ያስባል ብለን ልንጠብቅ አንችልም።

ጥያቄው ስለ ሁለት በሽታዎች ነው። አንደኛው አባ ሰንጋ ነው። አባ ሰንጋ ከብትንና በግን ብቻ ሳይሆን ፈረስንና በቅሎንም ይገድላል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። በድንገት የሞተ፣ በፍጥነት የተነፋ፣ እንደ ሌላው በድን ያልደረቀ፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣ እንስሳ ቢገኝ አባ ሰንጋ ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። እንዲህ ያለው በድን ከቶ አይከፈትም፤ አይገፈፍም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በድኑ እንደ ተዘጋ ከቈየ በውስጡ ያለው ረቂቅ ተሐዋሲ በመበስበሱ ኀይል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ቢላዋ ገብቶ ደሙ ከነፋስ ጋራ የተገናኘ እንደ ሆነ ግን ተሐዋሲው በጠንካራ ሽፋን ይጠቀለልና ፀሓይም ዝናብም የማይገድለው ዘር መሰል ነገር ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ለዐሥርታት ዓመታት ይቀመጣል። በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ግሩናርድ የተባለችው ደሴት በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) በአባ ሰንጋ ለተደረገ የጦር መሣሪያ ሙከራ ከዋለች በኋላ፣ አፈሯ በመድኀኒት ታጥቦ ሰው ያለ ፍርሃት እንዲገባባት እስኪፈቀድ ድረስ 1982 ዓ.ም. ደርሷል። አንድ ሰው ለቆዳው ዋጋ ብሎ በግጦሽ መሬታችን ላይ የሚከፍተው በድን በትንሹ የዚያን ደሴት ሥራ ይሠራል።

ስለ ቆዳ ካነሣን ስለ ጭራም መናገር ይገባናል። የፈረስ ጭራ ዝንብ ማባረሪያ ይሆናል፤ የማሲንቆውም ጅማት ከፈረስ ጭራ ነው። ስለዚህ በድኑን የሚወስደው ሰው ጭራውን ቈርጦ ሊሸጥ ይፈልግ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ከፈረስ ጠጕር በተሠራ የጢም መላጫ ብሩሽ ሳቢያ በአባ ሰንጋ የታመሙና የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ከሟች ፈረስ ላይ ማስታወሻ ማስቀረት የሚወድ ባለቤት ልጓሙን፣ ኮርቻውን ወይም ቃጭሉን ያስቀር፤ ጭራውን መቍረጥ የሚቻለው የሞቱ ምክንያት በእንስሳት ሐኪም ተረጋግጦ የማያሠጋ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ጭራውን እንደ ዋጋው ክፍያ የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ገና ከመነሻው ሊሰናበት ይገባዋል።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው ረቂቅ ነገር የሚገኘው በምራቁና በአንጎሉ ውስጥ ስለ ሆነ የሞተውን ውሻ አፍ በባዶ እጅ መንካት ያሠጋል። በዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር አጥብቀው እንዲይዙልን እንወዳለን። ሰው የነከሰ ውሻ ሲሞት ወይም ሲገደል ብዙ ሰው ከፍርሃት የተነሣ ቶሎ ያቃጥለዋል፤ ወይም ራሱን በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። ይህ ማስረጃ ማጥፋት ነው። በሽታው በርግጥ የሚታወቀው የውሻው አንጎል በላቦራቶሪ ሲመረመር ነውና፣ የእንስሳት ሐኪሙ ናሙና እስኪወስድ ድረስ በድኑ ሳይቃጠልና ሳይቀበር፣ ልጆችና ሌሎች እንስሳት በማይደርሱበት ጥላ ቦታ ተሸፍኖ ይቈይ። ናሙናው በበረዶ መካከል ቀዝቅዞ፣ ለዚህ ምርመራ ወደ ተዘጋጀ ላቦራቶሪ ይላካል። የተነከሰው ሰው ግን የዚያን ውጤት አይጠብቅም። ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ያጥባል፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምራል። ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1885) አንድ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ይህ በሽታ ቶሎ የደረሱበት እንደ ሆነ የሚከለከል ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ውሻው በሕይወት ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ታስሮ ለዐሥር ቀን ይጠበቃል እንጂ በችኰላ አይገደልም።

ለገንዘብ ብሎ «አሁኑኑ ላቃጥልልዎ» እያለ የሚያጣድፍ ሰው፣ የነከሰ ውሻ በሆነ ጊዜ፣ ባይገባውም እንኳ ትልቅ ጕዳት ያደርሳል። የሚታመነው ሰው «ሐኪሙ አይቶታል ወይ?» ይላል።

«በድንን ጅብና ጥንብ አንሣ ይብላው፤ እግዚአብሔር የፈጠራቸው ለዚሁ አይደለምን?» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ንግግራቸው ከንቱ አይደለም፤ እነዚህ ፍጥረታት ለብዙ ዘመን የከተሞቻችን ጠራጊዎች ነበሩ። ዛሬ ግን እንስሳው ከመሞቱ በፊት መድኀኒት ተወግቶ ይሆናል። ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸውን ከብቶች በድን የበሉ የህንድ ጥንብ አንሣዎች በየሜዳው አለቁ፤ መንግሥታቸውም መድኀኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ከለከለ። ጥንብ አንሣው ባለቀበት ቦታ በድኑን የወረሱት መረን የወጡ ውሾች ነበሩ። በእኛም ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ሥጋ የመግደል ልማድ ነበረ፤ በመርዝ የሞተ ውሻ ሜዳ ላይ ከተተወ የሚበላውንም ጅብና አሞራ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መድኀኒት የተወጋውን፣ በመርዝ የሞተውን፣ በበሽታ የተጠረጠረውን ለጅብ መተው አይገባም፤ ከሚሞቱት መካከል ደግሞ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ያልሆነው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሰውዬው ጠያቂና ታጋሽ ሆኖ ከተገኘ፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራው ማየት ያሻል። አብዛኛውን ጊዜ ለእኛ አገር የሚስማማው መቅበር ነው። ጉድጓዱ ለፈረስ ከሁለት ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ይኑረው፤ በድኑ ከገባ በኋላ ከላዩ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር ይኑር፤ በአባ ሰንጋ ለተጠረጠረ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይጥለቅ። በላዩ ድንጋይና እሾህ ይከመርበት፤ ጅብ አፈር መጫር ያውቃልና። የሥፍራው ምርጫ ግን ከጥልቀቱ ይልቅ አሳሳቢ ነው። አዊ ዝናብ የማይጐድለው፣ ምንጩ የበዛ አገር ነው። በዳንግላ ዙሪያ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጠጣው በግቢው ከቆፈረው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ነው፤ በክረምት ወራት የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይቀርባል። በግንቦት ደረቅ የነበረው ጉድጓድ በነሐሴ ውሃ ያቈራል። በድን የተቀበረበት ጉድጓድ ውሃ ካቈረ፣ የበድኑ ፈሳሽ ቍልቍል ወደ ጐረቤት ጉድጓድ እንደሚሄድ ማወቅ አያዳግትም። ስለዚህ መቃብሩ ከውሃ ጉድጓድ፣ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ ሃምሳ ሜትር ይራቅ፤ ሲሆን ከዚያም ይበልጥ ይራቅ፤ ከመኖሪያውም ከፍ ብሎ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ይሁን። ቆፋሪው ሲቆፍር ውሃ ካገኘ ጉድጓዱን ትቶ ሌላ ሥፍራ ሊፈልግ ይገባዋል። ይህን ደክሞም ቢሆን የሚያደርግ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ፣ ለሚቀጥለውም ጊዜ ስሙን መያዝ ይበጃል።

ኖራ ስለ መነስነስ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ኖራ ሽታን በመቀነስ ይታወቃል፤ ለአባ ሰንጋ በድን ግን የዓለም የጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ያወጣው መመሪያ አይደግፈውም፤ በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም የተሐዋሲውን ዘር ይበልጥ ሊያቈየው ይችላልና። «ኖራ ጨምሬበታለሁ» የሚለው ቃል ለጥልቀቱ ማነስ ማመካኛ እንዲሆን አንቀበል።

ማቃጠል ከባድ ሥራ ነው፤ የብዙው ማታለል ምንጭም ይኸው ክብደቱ ነው። አንድ ፈረስ ሁለት መቶ ኪሎ ከሚበልጥ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ እሳቱ አስቀድሞ ያን ውሃ ማትነን አለበት። ጥቂት ሸክም እንጨትና አንድ ጠርሙስ ናፍጣ ጠጕሩን ከመለብለብ አያልፉም። በትክክል የሚያቃጥል ሰው ነፋስ ከታች እንዲገባ ቦይ ይቆፍራል፤ ወፍራም እንጨት በቦዩ ላይ ያጋድማል፤ በድኑን ከእንጨቱ በላይ ያስቀምጣል፤ እንጨት እየጨመረም ከእሳቱ ሳይለይ ያድራል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው አካሺያ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ሲተከልና ከሰል ሲከሰል ስለ ቈየ እሳት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ሆኖም ከሰል አክሳዩ እሳቱን በአፈር አፍኖ ነፋስ የሚነሣው ሲሆን፣ በድን አቃጣዩ ነፋስ ሊያበዛለት ይገባል፤ ሁለቱ ሙያዎች ተቃራኒዎች ናቸውና አንዱን የሚያውቅ ሁለቱን ያውቃል አይባልም። በክረምት ደግሞ በሜዳ ላይ ማቃጠል ዘበት ነው፤ በሐምሌ ዝናብ ፈረስ አቃጠልሁ የሚል ሰው የአመዱን ቦታ ያሳይ። በደንብ የተቃጠለ አጥንት ነጭ ሆኖ በእጅ ሲጫኑት የሚፈረፈር ነው፤ ጥቁርና ቅባት ያለው አጥንት፣ ይልቁንም ሥጋ የቀረበት፣ ሥራው እንዳላለቀ ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለው ሁሉ ይቀበር።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጠቍም። በጤና ጣቢያዎች ግቢ የሚታየው የጡብ ማቃጠያ የተሠራው ለመርፌ፣ ለፋሻና ለመሳሰለው ደረቅ ቍሻሻ ነው። ለጥበቃው ጥቂት ገንዘብ አስጨብጦ የሞተ ውሻ ማስገባት ማቃጠያውን ያበላሻል፤ በድኑም ተጠብሶ ይቀራል እንጂ አመድ አይሆንም። እንዲህ እናደርግልሃለን የሚል ሰው የማይገባውን የሚሸጥ ነው።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። ዋጋው ከሥራው ድካም ጋራ የተመጣጠነ ይሁን፤ ገሚሱ ሲጀመር፣ ገሚሱ ጉድጓዱ ከተደፈነ ወይም እሳቱ አመድ ከሆነ በኋላ ይከፈል። ባለቤቱ ራሱ ወይም የሚያምነው ሰው ተከትሎ ይሂድና ጉድጓዱን በድኑ ከመግባቱ በፊት ይይ። ሁለት ሜትር መሆኑን ለማወቅ መለኪያ አያሻም፤ ቆፋሪው ገብቶ ቢቆም ከራሱ በላይ ሊያልፍ ይገባዋል። «አይምጡ፣ ሽታው ይጎዳዎታል፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚለው ደግነት የሚመስል ቃል አብዝቶ የሚነገረው ጉድጓዱ ባልተቆፈረ ጊዜ ነው። እርግጥ ነው፣ የሚወዱትን ፈረስ ወደ መቃብሩ መከተል ልብ ይሰብራል፤ ለዚህ ጐረቤት ወይም ዘመድ መላክ ይቻላል። ትናንሽ ልጆች ግን ወደ ጉድጓዱ አይቅረቡ።

መቃጠል ለፈረስ ውርደት ነው ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ ሰውን የማቃጠል ልማድ በእኛ ዘንድ ስለሌለ ሐዘናቸው ይገባናል። መቅበር በሚቻልበት ቦታ ሁሉ መቅበር በቂ ነው፤ ማቃጠል የሚያሻው የእንስሳት ሐኪሙ ሲያዝ ነው። ትንሽ ውሻ ወይም ድመት የሞተበት ሰው፣ በበሽታ ወይም በመርዝ ያልተጠረጠረ እንደ ሆነ፣ ከውሃ ጉድጓዱ ርቆ በገዛ ግቢው አንድ ሜትር ቆፍሮ ቢቀብረው ማንንም መቅጠር አያስፈልገውም። መቃብሩ ላይ አበባ የሚተክሉ ልጆች አይከልከሉ። የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ ይዛ የሞተች ድመት ግን በላስቲክ ተጠቅልላ ትቀበር፤ ለውሻም አትጣል።

በሽታን በጠረጠሩ ጊዜ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ግዴታ ነው። የእንስሳት በሽታዎችን ስለ መከላከልና ስለ መቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 267/1994 ባለቤቶችንም ሐኪሞችንም የሚመለከት ነበር። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የወረዳው ወይም የከተማው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራውን በደንብ የሚሠሩትን ሰዎች የሚያውቁት እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ናቸውና ከመቅጠር በፊት እነርሱን መጠየቅ ከገበያ መሐል ካገኙት ሰው ጋራ ከመዋዋል ይሻላል።

ለዚህ ሁሉ ችግር በየሰፈሩ የሚገኘው እድር ጥሩ መፍትሔ ሊሆን ይችላል ብለን እናስባለን። እድር ለሰው ቀብር ድንኳንና ቆፋሪ ያዘጋጃል፤ ሰዓትና ወግ ጠብቆ ይሠራል፤ የማይታመን ሰው በመካከሉ አይቈይም። ከማዘጋጃ ቤቱና ከእንስሳት ሐኪሙ ጋራ ተመካክሮ ለበድን መቅበሪያ የሚሆን ከውሃ የራቀ መሬት ቢያስለይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሠራተኞችን ጓንትና ጫማ ሰጥቶ ቢያሠለጥን፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ቢወስን፣ ባለቤቱ ሐዘን ባገኘው ሰዓት የሚከራከርበት ነገር አይኖርም። በእድሩ ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ ሊያነሡ የሚችሉ መምህራን ናቸው፤ ቃላቸው ይሰማልና። የሰው እድር በእንስሳ ነገር አይገባም የሚል ቢነሣ፣ ጕዳዩ የሚመለከተው በሞተው እንስሳ ሳይሆን በሕይወት ያሉትን ውሃ ጠጪዎች መሆኑን ያስረዱት።

በመጨረሻም ስለ ገመዱና ስለ ጋሪው። በድን ያጓጓዘ ጋሪ በማግስቱ ጤፍ ይጭናል፤ የሞተ ውሻ በጆንያ የወሰደ ባጃጅ ከሰዓት በኋላ ተማሪ ያሳፍራል። የሚታመነው ሠራተኛ በድኑን ከመጫኑ በፊት አፍንጫውንና ፊንጢጣውን በጨርቅ ይደፍናል፤ መንገድ ላይ ደም እንዳይንጠባጠብም ከሥሩ ላስቲክ ያነጥፋል፤ ጨርቁንና ላስቲኩን አብሮ ይቀብራል። ተመልሶም ጋሪውን በውሃና በሳሙና ከዚያም በበረኪና ያጥባል፤ ገመዱ የአባ ሰንጋ ጥርጣሬ ካለበት ይቃጠላል፤ እጁንም እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠባል። የመጨረሻው ገሚስ ዋጋ የሚከፈለው ይህ ከተፈጸመ በኋላ፣ ሰውዬው የታጠበ ጋሪውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ነው።